አዲስ አበባ ላይ የት ልረፍ? ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ ጌስት ሃውስ ወይስ ፈርኒሽድ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ሞልቷል። ችግሩ መምረጡ ላይ ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ መንገድ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ ጌስት ሃውስ የሚሉ ታፔላዎች ተደርድረው ታያላችሁ። አንዱ «ሆቴል» ይላል፣ ሲገቡበት ፔንሲዮን ነው። ሌላው «ጌስት ሃውስ» ይላል፣ አልጋውና ቁርሱ ግን ከብዙ ሆቴል ይሻላል። ታፔላ አይቶ መወሰን ያስቸግራል።

ይህን የምጽፈው ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ ለሚመጣ፣ ከውጭ ለዕረፍት ለሚመጣ፣ እንዲሁም በቦሌ በኩል ለሚያልፍ ሰው ነው። የማንንም ቤት አላሞግስም። የአልጋ ዋጋም አልጽፍም። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ከወራት በኋላ ሰው ያሳስታል። ከዋጋ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች ስላሉ በእነሱ ልጀምር።

መጀመሪያ ሰፈሩ

ብዙ ሰው ቤቱን መርጦ ነው ሰፈሩን የሚያየው። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ጉዳያችሁ የት እንደሆነ ለዩና ከዚያ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበትን ፈልጉ። በአዲስ አበባ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከአንድ የከተማዋ ጫፍ ወደ ሌላው መሻገር ቀን ይበላል። በስልክ በሚጠሩት በራይድ ወይም በፈረስ ታክሲዎች ከሆነ ደግሞ የደርሶ መልሱ ሒሳብ ርካሹን አልጋ ውድ ያደርገዋል።

ለምሳሌ አሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ያለው ሰው ቦሌ ማደሩ አይገባኝም። ኤምባሲው ከስድስት ኪሎ በላይ፣ በእንጦጦ መንገድ ነው። ቀጠሮው የጠዋት ከሆነ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ማደር ይሻላል። ጥቁር አንበሳ ለሚታከም ወይም አስታማሚ ለሆነ ሰው ሜክሲኮ፣ ሰንጋ ተራና ለገሃር ቅርብ ናቸው። ጳውሎስ ሆስፒታል ከሆነ እዚያው ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ ፔንሲዮኖች መጠየቅ ነው፤ ምቾታቸው መጠነኛ ነው፣ ግን ሌሊት መድኃኒት ግዛ ቢባሉ በእግር ደርሶ መመለስ ይቻላል። አፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ያለው ሜክሲኮና ሳር ቤትን ይይ። መርካቶ ዕቃ ሊያነሳ የመጣ ነጋዴ ደግሞ ከተክለ ሃይማኖት ባይርቅ ይሻለዋል።

በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ የት መናኸሪያ እንደምትሳፈሩ አረጋግጡ። አውቶቡስ ተራ፣ ላምበረት፣ ቃሊቲና አስኮ በአራት የተለያዩ ማዕዘኖች ናቸው። የሩቅ አገር አውቶቡስ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው። የመጨረሻዋን ሌሊት መናኸሪያው አጠገብ ማደር የማለዳውን ጭንቀት ይቀንሳል፣ ቤቱ ደስ ባይልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትምጡ። ፒያሳ አካባቢ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 በስፋት ፈርሰዋል። «ሁልጊዜ እዚያ ነው የማርፈው» ይባልባቸው የነበሩ ብዙ ርካሽ አልጋ ቤቶች አብረው ሄደዋል። ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ። ስልኩ ካልተነሳ ቤቱ ላይኖር ይችላል።

ውሃ፣ መብራት፣ ብርድ፣ ድምፅ

የክፍሉ ፎቶ ስለ መጋረጃው ቀለም ይናገራል። ስለ ውሃው ዝም ይላል። ብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤቱ ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ) እና ፓምፕ ሊኖረው ይገባል። «ውሃ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ይልቅ «ሮቷችሁ ስንት ሊትር ነው? ለስንት ክፍል ነው የሚያገለግለው?» በሉ። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልሳል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም እንዲሁ። ጄኔሬተር አለ ማለት ለክፍሉ ሶኬት ይሰጣል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቤት ኮሪደሩንና ሪሴፕሽኑን ብቻ ነው የሚያበራው። ሻወሩም ሁለት ዓይነት ነው። ትልቅ ቦይለር ከሆነ ቀድሞ የሞቀው ውሃ መብራት ከሄደ በኋላም ለጥቂት ሰዓት ያገለግላል። ቧንቧው ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ ማሞቂያ ከሆነች ግን መብራቱ በሄደበት ቅጽበት ቀዝቃዛ ውሃ ትለቅባችኋለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ መሆኗን አትርሱ። ከሐረር ቆላ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከዱባይ ለመጣ ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አይደለም። አብዛኛው ክፍል ማሞቂያ የለውም፤ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ሳይመሽ ጠይቁ።

ድምፅን በተመለከተ ቀን ላይ ያዩት ሰፈር ማታ ሌላ ነው። ሃያ ሁለት፣ ቺቺኒያ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከምሽት ቤት በላይ የተከራየ ሰው ዓርብና ቅዳሜ እንቅልፍ አያገኝም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከንጋቱ በፊት በድምፅ ማጉያ ትነቃላችሁ። ለአንዳንዱ ይህ በረከት ነው፣ በተለይ በፍልሰታ ኪዳን ለማድረስ ለሚነሳ። ሌሊቱን ሙሉ በአውሮፕላን ተጉዞ ለመጣ ግን ከባድ ነው። መንገድ ዳር ያለውን ትታችሁ የጓሮ ክፍል ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው አንድ ነው።

የአልጋው ዋጋና የቆይታው ዋጋ

በስልክ የሚነገራችሁ ዋጋ ታክስ ያለው ነው ወይስ የሌለው? ሆቴሎች ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ እና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አላቸው። 3,000 ብር የተባለ ክፍል አገልግሎቱ ሲጨመር 3,300 ይሆናል፤ ታክሱ በዚያ ላይ ሲሰላ 3,795። ለአምስት ሌሊት ልዩነቱ ወደ 4,000 ብር ይጠጋል። ሒሳብ ሲመጣ መደንገጥ ካልፈለጋችሁ «ጠቅላላ የምከፍለው ስንት ነው?» በሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ መልእክት አስልኩ።

የውጭ ፓስፖርት ላላቸው በዶላር የሚያስከፍሉ ሆቴሎችም አሉ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ካርዱን ቀድማችሁ አሳዩና በየትኛው ዋጋ እንደምትስተናገዱ ጠይቁ። ገብታችሁ ካደራችሁ በኋላ መከራከሩ ዋጋ የለውም።

ቁርስም ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ነገር ግን ለጿሚ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በሙሉ፣ እንቁላልና ወተት የተደረደረበት ጠረጴዛ ምን ይረባዋል? «የጾም ቁርስ አላችሁ?» ማለት ነውር የለውም። አንዳንዱ ቤት ፉል ወይም ፍርፍር በደስታ ይሠራል። አንዳንዱ ደረቅ ዳቦና ሻይ ያቀርብና ቁርስ ይለዋል።

እንግዲህ አማራጮቹ

ሆቴል። ዋናው ጥቅሙ አልጋው ሳይሆን ሌሊት በማንኛውም ሰዓት የሚነቃ ሰው መኖሩ ነው። በረራችሁ ቢዘገይ በሩ አይዘጋም። ከቦሌ አየር ማረፊያ የሚያመጣ የሆቴል መኪና ካለ ደግሞ ሌሊት ከታክሲ ጋር ከመከራከር ትድናላችሁ። ጄኔሬተሩ ጠንከር ያለ ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣል፤ አበል የሚያወራርድ የመንግሥት ወይም የድርጅት ሠራተኛ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጉዳቱ ዋጋው፣ ከዚያም እያንዳንዱ ነገር ለብቻው መከፈሉ ነው። ልብስ ማሳጠብ፣ ውሃ፣ ክፍል ድረስ የሚመጣ ምግብ፣ ሁሉም ተደማምሮ ይመጣል።

ኮከብን በተመለከተ፣ በ2007 የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን በደረጃ መድቦ ነበር። ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ግን በር ላይ የተለጠፈ ኮከብ ሁሉ ከዚያ የመጣ አይደለም። ያኔ አራት ያገኘ ቤትም ዛሬ ምንጣፉ አልቆ ሊሆን ይችላል። በእኔ እይታ ለገንዘቡ በጣም የሚያሳዝነው መካከለኛው ሆቴል ነው፦ መግቢያው እብነ በረድ፣ ክፍሉ ግን የፔንሲዮን፣ ዋጋው የሆቴል። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ጌስት ሃውስ ይገኛል።

ፔንሲዮን። ርካሹና በየሰፈሩ የሚገኘው ይህ ነው። በደህናው ሻወር ክፍሉ ውስጥ አለ፤ በርካሹ በኮመን፣ ማለትም በጋራ ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ስህተት ነው። በባለቤቷ የሚመራ፣ አንሶላው በየቀኑ የሚቀየር፣ ንጹሕ ፔንሲዮን አለ። በሰዓት የሚከራይም አለ። በሰዓት የሚከራይ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሚያድረው፤ ከልጆች ጋር ለመጣ ወይም ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት አልመክረውም። እንዴት ይለያል? ዋጋ ስትጠይቁ «ለአዳር ነው?» ብለው ከመለሱላችሁ በሰዓትም የሚያከራይ ቤት ነው ማለት ነው።

ፔንሲዮን ሳይታይ አይከፈልበትም። ክፍሉን አስከፍታችሁ ግቡ። ቧንቧውን ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፉ። ከዚያ የፍራሹን ጠርዝ ገለጥ አድርጋችሁ ስፌቱን እዩ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ ማለት ነው፣ አመስግናችሁ ውጡ። አሳዳሪው ቢያኮርፍ ያኩርፍ። መታወቂያ ሳይዙ መምጣትም አይሆንም፤ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ ካላሳያችሁ ደህናው ቤት አይመዘግባችሁም። የማይጠይቅ ቤት ካገኛችሁ ስለ ጎረቤት ክፍላችሁም ማንነት እንደማይጠይቅ አስቡ።

ጌስት ሃውስ። ብዙውን ጊዜ ቪላ ቤት ነው፦ ግቢ፣ ዘበኛ፣ አምስት ወይም አሥር ክፍል፣ ጠዋት የሚሠራ ቁርስ፣ አንዳንዴ እንግዳ የሚጠቀምበት ወጥ ቤት። ቦሌ፣ አትላስ፣ ገርጂ፣ ሳር ቤትና ሲኤምሲ በብዛት አለ። ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። ፀጥታ አለው። ባለቤቱ ወይም አስተናጋጇ ስማችሁን ያውቃሉ፤ የት ርካሽ ምሳ እንዳለ፣ የትኛው ታክሲ ወዴት እንደሚሄድ ይነግሯችኋል። የታመመ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ሾርባ ወይም አጥሚት ማሠራት ይቻላል። ሆቴል ውስጥ ይህ ከባድ ነው።

እንከኑስ? ቤቱን ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው፣ ታፔላ ላይኖረው ይችላል፤ ሎኬሽኑን በቴሌግራም አስልኩ። በሩ ማታ በጊዜ የሚዘጋባቸው አሉ፣ በተለይ በሃይማኖት ተቋማት የሚተዳደሩት፤ እነዚያ ንጹሕና ፀጥተኛ ናቸው፣ መጠጥ ግን አይገባም። ጄኔሬተር የሌለው ብዙ ነው። ደረሰኝ የማይቆርጥም አለ። አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ ደኅንነት እዩ፦ መስኮቱ ሁሉ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ከሆነ መውጫችሁ በሩ ብቻ ነው። በአገራችን የመጀመሪያ የሆነው የፒያሳው ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 በእሳት ክፉኛ ተጎድቷል፤ እሳት የቤት መጠን አይመርጥም። የፍርግርጉ ቁልፍ ማን ጋር እንደሚያድር ጠይቁ።

ፈርኒሽድ ቤት። ለቤተሰብና ከሳምንት በላይ ለሚቆይ ሰው በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሳሎን አለ፣ ዘመድ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይሮጣሉ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ልጆች ይዘው የሚመጡ ሰዎች ወደዚህ የሚያዘነብሉት በምክንያት ነው። ጣጣው ግን ከሁሉም ይበዛል። ደላላ ካለ ኮሚሽን አለ፤ ማን እንደሚከፍለው አስቀድሞ ይነገር። መብራቱ በካርድ የሚሞላ ከሆነ ማን ይሞላል? ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከእናታችሁ ጋር ከሆናችሁ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ፓምፕ ሲቆም ውሃም ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ስትገቡ የዕቃውን ሁኔታ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና ለአከራዩ ላኩለት፤ ስትወጡ «ቴሌቪዥኑ ደህና ነበር» የሚል ክርክር አይነሳም። ውጭ ሆናችሁ ላላያችሁት ቤት ሙሉ ክፍያ አትላኩ። ዘመድ ወይም ጓደኛ ሄዶ በሩን ሳይከፍት ፎቶ ብቻ ማመን አያዋጣም።

አምስተኛውን አማራጭ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘመድ ቤት። «ቤት እያለ ሆቴል?» የሚለው ቅሬታ ቀላል አይደለም፣ በተለይ ለእናትና ለአክስት። ብዙ ሰው የሚያስታርቀው የመጀመሪያውን ሁለት ሌሊት ዘመድ ጋር አድሮ፣ ከዚያ «ለጉዳዬ ስለሚቀርበኝ» ብሎ በመውጣት ነው። ያስኬዳል። ባዶ እጅ ግን አይኬድም፤ እሱንም ከበጀቱ ላይ ቀንሱ።

| መለኪያ | ሆቴል | ፔንሲዮን | ጌስት ሃውስ | ፈርኒሽድ ቤት |
|---|---|---|---|---|
| ዋጋ | ከፍተኛ፣ ታክስና አገልግሎት ይጨመራል | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ለአንድ ሰው ውድ፣ ለቤተሰብ ርካሽ |
| ተስማሚ ቆይታ | 1–3 ሌሊት | 1–2 ሌሊት | 3–10 ሌሊት | ከሳምንት በላይ |
| ውሃና መብራት | ብዙውን ጊዜ አስተማማኝ | እንደ ዕድል | ሮቶ አለ፣ ጄኔሬተር ይጠየቅ | እንደ ሕንፃው |
| ፀጥታ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ጥሩ | ጥሩ |
| ሌሊት መግባት | ችግር የለም | አንዳንዴ | ቀድሞ መነገር አለበት | ቁልፍ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል |
| ምግብ ማብሰል | አይቻልም | አይቻልም | አንዳንዱ ጋ ይቻላል | ይቻላል |
| ደረሰኝ | አለ | ይጠየቅ | ይጠየቅ | ብዙ ጊዜ የለም |

ማን የቱን ይያዝ?

በትራንዚት አንድ ሌሊት የሚያድር ሰው ብዙ አያስብ፤ ቦሌ አካባቢ መኪና የሚልክ ሆቴል ይያዝ። ለስብሰባ የመጣና ደረሰኝ የሚያስፈልገውም እንዲሁ። ለሕክምና የመጣ ቤተሰብ ቀጠሮው ከሦስት ቀን ካለፈ ሆስፒታሉ አቅራቢያ ወጥ ቤት ያለው ጌስት ሃውስ ይፈልግ፤ ካልተገኘ ሁለት ክፍል ፔንሲዮን። የታመመ ሰው ካለ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይሁን። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ገንዘቧን ሰው የሚያድርበት ሪሴፕሽን ወይም ዘበኛ ያለው ግቢ ላይ ብታወጣው እመርጣለሁ፣ ክፍሉ ቢጠብም። በጀቱ ጠባብ የሆነ ተማሪ ወይም ሥራ ፈላጊ ፔንሲዮን በኮመን ይያዝ፣ ግን ሁለት ሦስት አይቶ።

ቀንና ሰዓት ላይ የሚፈጠር ጣጣ

በኢንተርኔት አልጋ የሚይዝ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሸወዳል። አውሮፕላናችሁ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያርፋል እንበል። ቲኬቱ ላይ ዓርብ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ክፍሉን ከዓርብ ጀምራችሁ ከያዛችሁ ሪሴፕሽኑ «መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው» ይላችኋል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሻንጣ ላይ ትቀመጣላችሁ። መያዝ ያለባችሁ የሐሙስን ሌሊት ነው። ጠዋት ለሚያርፍ በረራ ደግሞ ወይ ያለፈውን ሌሊት መክፈል ነው፣ ወይም ቀድሞ መግባት ይቻል እንደሆነ በስልክ መጠየቅ። ትንንሽ ቤቶች ክፍል ባዶ ካላቸው ብዙ ጊዜ በነፃ ያስገባሉ፤ ከትልልቆቹ ይልቅ እዚህ ላይ ደግ ናቸው። በስልክ ስትነጋገሩ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ተናገሩ፣ ሰዓቱንም «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» ብላችሁ።

በመስቀል፣ በኢሬቻ፣ በገናና በጥምቀት አካባቢ አልጋ ይወደዳል። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት፣ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ትልልቆቹ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ መንገድም ይዘጋል። በዚያ ሰሞን ለግል ጉዳይ የምትመጡ ከሆነ ቀኑን መግፋት ከተቻለ ግፉ፤ ካልተቻለ ከቦሌና ከሜክሲኮ ራቅ ብላችሁ ያዙ።

ክፍያን በተመለከተ፣ በቴሌብርም ሆነ በባንክ የምትልኩት ቅድሚያ የአንድ ሌሊት ብቻ ይሁን። ከሚቀበለው ሰው ስምና ከቤቱ ስም ጋር የሚገናኝ ነገር ከሌለ እሱንም አትላኩ። ለስድስት ሌሊት ብትመጡም መጀመሪያ አንዷን እደሩባት። ውሃው ከመጣ፣ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ፣ ጠዋት የቀረውን ትከፍላላችሁ፤ ያኔ ደግሞ ለቀሪዎቹ ሌሊቶች «ቅናሽ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፣ በተለይ ጌስት ሃውስ ውስጥ።